ዋልካና ገል

ዋልካ አፈር ለሸክላ አይሆንም ይላሉ። እውነት ነው፣ ለብቻው አይሆንም። ከደምቢያ ሜዳ የሚመጣው ጥቁር አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። በበጋ እርሻ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ ግን የምፈልገው ለዚሁ ስንጥቁ ስል ነው።

ሰሞኑን የያዝኩት ሥራ ይሄ ነው። ከቀይ የሸክላ አፈር መዳፍ የሚያህሉ ጠፍጣፋዎች እሠራለሁ። ጠንከር ሲሉ በውሃ ያቀጠንኩትን ዋልካ እቀባቸዋለሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ዋልካው ከታቹ አፈር አብልጦ ይሰበሰባል፣ የታቹ ደግሞ አልለቅም ይለዋል። በዚህ ጉተታ መሃል ስንጥቁ እንደ መረብ ይዘረጋል። ቅቡ ከሳሳ መረቡ ደቃቅ ነው፣ ከወፈረ ሰፋፊ። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀው ፀሐይ ከመታው ጋር ጨርሶ አይመሳሰልም። ቁጭ ብዬ ሳየው ብውል አይሰለቸኝም። መስመሩን የሚያወጣው አፈሩ ነው፤ የእኔ ድርሻ ውፍረቱንና ቦታውን መምረጥ ብቻ።

አንዳንዱ ቅብ ግን ከመሰንጠቅ አልፎ እየተላጠ ይወድቃል። መላውን ያገኘሁት ወለቃ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው መንደር፣ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሸክላ ሲሠሩባት የኖሩባት። ብዙዎቹ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል፤ ሸክላው ግን እዚያው ቀርቷል፣ ዛሬም ይሠራል። አንዲት እናት ገል፣ ማለትም የተሰበረ ሸክላ ፈጭተሽ፣ ጨምሪበት አሉኝ።

«እማማ፣ ምን ያህል ልፍጨው?»

«አታልሚው ልጄ፣ ሻከር ይበል። ዱቄት ከሆነማ ምን ሊይዝልሽ ነው?»

ልክ ናቸው። ገል አንዴ እሳት ያየ ነው፣ ዳግም አይኮማተርም። ጭቃው መሃል ቆሞ ዙሪያውን ይይዛል፣ ለእርጥበቱም መውጫ ይሰጣል። አሁን የምቀባው ዋልካ ሁሉ ገል አለበት፣ መላጡም ቀንሷል። አዲስ ነገር የሞከርኩ ቢመስለኝም፣ እነዚህ ሴቶች ሰብረው፣ ፈጭተው፣ መልሰው አቡክተው ከእኔ በፊት የደረሱበት ነው። ሙከራ ሲባል ከውጭ የመጣ ነገር አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ወለቃን ቢያዩ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ደግሞ ሁሌም ያንገበግበኛል፦ ሰው በሠሩት ድስት ወጥ እየበላ፣ በሠሩት ጀበና ቡና እየጠጣ፣ እነሱን ግን «ቡዳ» ብሎ ያገላቸው ነበር።

እሳቱም የእነሱ ነው። ምድጃ የለኝም፣ በኩበትና በእንጨት ሜዳ ላይ ነው የማቃጥለው። እንዲህ ያለ እሳት ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይሄዳል። ሸክላው እንደጋለ ግማሹን በኩበትና በጭድ እደፍነዋለሁ። አየር ያጣው ወገን ጢሱን ጠጥቶ ይጠቁራል፣ አየር ያገኘው ቀይ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ የሚገናኙበትን መስመር አስቀድሜ ልወስነው አልችልም። ነፋስ ዞር ካለ መስመሩም ይዞራል።

የሚያብለጨልጭ ቅብ ለምን አታደርጊበትም የሚሉኝ አሉ። አልፈልገውም። የጢሱን ጥቁረት በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም እንዲነኩት ነው የምፈልገው።

ክረምቱ ሳይገባና ማድረቅ ሳይቸግር አንድ የምሞክረው አለኝ፦ የጤፍ ጭድ። ጭቃው ውስጥ ሲገባ እሳቱ ያቃጥለውና ቦታው ባዶ ይቀራል፣ የሸክላው ክብደትም ይቀንሳል። ከበዛ ግን ግድግዳው ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ልኩ የት ጋ እንደሆነ ለማየት በዚሁ ጭቃ አንድ ትልቅ ጋን እጀምራለሁ። እስከ አፉ ከቆመልኝ፣ ቀጣዩን ዋልካ የምቀባው እሱ ላይ ነው።