«ሰው ስጠኝ» ብዬ ነበር

ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴን በልጅነቴ ነው ያጣኋት፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የምሠራበት ባንክ ወደ ደሴ አዛወረኝ። ደሴ ዘመድ የለኝም፣ የማውቀው ሰው የለኝም። ደላላው ሸዋ በር አካባቢ አንድ ግቢ ወሰደኝ። አከራይዋ ሙስሊም ናቸው። ከሙስሊም ጋር ተምሬያለሁ፣ ሠርቻለሁ፤ በአንድ ግቢ ግን ኖሬ አላውቅም። ኪራዩ ከኪሴ ጋር ስለተስማማ ገባሁ።

እትዬ እላቸዋለሁ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ አይወዱትም። የገባሁ ቀን መጀመሪያ ያሳዩኝ የውኃ መስመሩን ነው። ቀጥለው በእጃቸው እየጠቆሙ «መድኃኔዓለም በዚያ በኩል ነው፤ ቁልቁል ወርደሽ ትታጠፊያለሽ» አሉኝ። እኔ ገና አልጠየቅኋቸውም ነበር።

ደሴን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም አንዳንድ ቀን እስከ ረፋድ አይገፈፍም። ከሥራ መልስ ክፍሌን ዘግቼ ጋቢ ለብሼ እቀመጣለሁ። እሁድ እሁድ አስቀድሳለሁ፤ ሲያልቅ ተሳልሜ እወጣለሁ። ሰንበቴ ቤቱ በር ላይ ሰዎች በየማኅበራቸው ተሰብስበው ዳቦ ሲቆራርሱ፣ ሲሳሳቁ አያለሁ። ማንም አልገፋኝም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ማንም «ነይ» አላለኝም፤ እኔም ሄጄ መሃል የምቀመጥ ዓይነት ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ማታ ማታ ውዳሴ ማርያም ደግሜ ስጨርስ አንዲት ልመና እጨምር ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ሰው ስጠኝ። ብታመም ውኃ የሚያቀብለኝ፣ ብሞት የሚቀብረኝ ሰው ስጠኝ።» ሌላ ዝርዝር አልነበረውም። በልቤ ግን የማስበው የሰንበቴዎቹን ሰዎች ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አረፋ ሆነ። ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ እግሯ የታሰረ ቀይ ዶሮ ይዘው ቆመዋል።

«የኛን ሥጋ እንደማትበዪ አውቃለሁ። ይቺን የናንተ ሰው ይረድልሽና አብረን እንዋል» አሉኝ።

በወሎ ይህ የታወቀ ነው። ሠርግ ሲደገስ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ የሙስሊሙ ለብቻ፤ ድስቱም ጭልፋውም አይቀላቀልም። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ባለው አይጠየፍ አዳራሽ ግብር ሲያበሉም እንዲሁ ለየብቻ ይታረድ ነበር ይባላል። እኔ ግን እንግዳ ነኝ። ዶሮዋን ታቅፌ በረንዳ ላይ ቆምኩ። የሚያርድልኝ ወንድ ማን ነው? ከሰዓት በኋላ የባንካችን ጥበቃ መጥቶ ባርኮ አረደልኝ፤ እየሳቀ «ለሙስሊም በዓል የክርስቲያን ዶሮ!» አለ። በላን፣ ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፣ እትዬ ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ማታ ግን አልቅሼ ጸለይኩ። ዶሮ እንኳ የሚያርድልኝ ሰው የለኝም አልኩት እግዚአብሔርን። እየበላሁ የዋልኩት ከማን ጋር እንደሆነ ያኔ አልቆጠርኩትም።

በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ሁዳዴ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን ደግሞ በዚያው ሳምንት ተከተለ። ግቢያችን በሙሉ ጾመኛ ሆነ። እንደዚያ ጊዜ የተመቸን የለም፤ የሥጋው ጣጣ ራሱ ቀረ። ማታ አዛን ሲል እትዬ በቴምር ያፈጥራሉ፤ ሳምቡሳውን በምስር ብቻ መጥበስ ጀምረው ነበር፣ እኔም እንድበላ። እኔ በበኩሌ ሽሮዬንና ሱፍ ፍትፍቴን ይዤ እገባለሁ። ሽሮዬ ቀጭን ነው እያሉ ይስቁብኝ ነበር። (ቀጭን አይደለም።)

መጋቢት ላይ አክስቴ ደብረ ማርቆስ ላይ አረፈች።

እኔ አላወቅሁም። መንገዱ በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት ተዘግቶ ስለነበር፣ ብትሰማም አትደርስም ብለው ቀበሯት። የአጎቴ ልጅ የእትዬ ስልክ ነበረው፤ ማታ ደውሎ መርዶውን አደራ አላቸው። ያን ማታ አብሬያቸው አፍጥሬያለሁ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ቶሎ እተኛለሁ» ነው ያሉኝ።

ቀጥሎ ያደረጉትን የሰማሁት በኋላ ነው። ሌሊት ተነሥተው ሱሁር በሉ። ሱብሂ ሰገዱ። ከዚያ ነጠላቸውን በሂጃባቸው ላይ ደርበው በጨለማ ወደ መድኃኔዓለም ወረዱና ከቅጥሩ በር ውጭ ቆሙ። ኪዳን ደርሶ ሴቶቹ መውጣት ሲጀምሩ እያስቆሙ ለመኑ፦ «አንዲት የናንተ ልጅ እኔ ቤት አለች። ያሳደገቻት እናቷ ሞታባታለች፣ መርዶ ልነግራት ነው። እኔ ብቻዬን ነግሬያት በሰው አገር ብቻዋን የቀረች እንዳይመስላት፣ የሃይማኖቷ ሰው አብሯት ይኑር።»

አንዷ ሴትዮ ስትነግረኝ እስካሁን ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። «ማንን ነው የሚሉት ብለን እንኳ አልጠየቅንም፤ ተከተልናቸው» አለችኝ።

ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች በረንዳውን ሞልተውታል፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ቅሬ (የወሎ እድር ማለት ነው) ሽማግሌዎች አሉ፣ አንዱ ቆብ ያደረጉ ሙስሊም፣ አንዱ ክርስቲያን። ሰው እንዲህ ሆኖ ማለዳ በር ላይ ሲቆም ለምን እንደሆነ አበሻ አይጠይቅም። እግሬ ከዳኝ። መሬት ሳልደርስ የያዙኝ እትዬ ናቸው። «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ፣ አብሽሪ» ይሉኛል፤ ራሳቸው ግን ከእኔ ብሰው ያለቅሳሉ።

ልቅሶው እዚያው ግቢ ተቀመጥን። ቅሬው ድንኳን ጣለ፣ አግዳሚ ወንበር አመጣ። እኔ የቅሬው አባል እንኳ አልነበርኩም፤ በእትዬ ስም ነው የመጡት። የመድኃኔዓለም ሴቶች ንፍሮ ቀቀሉ። አንድ ቄስ መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶች ጸሎቱ እስኪያልቅ ተነሥተው ቆሙ። እትዬ ቀኑን ሙሉ ከጀበናው አልተነሡም። ጾመኛ ናቸው። ውኃ እንኳ አልቀመሱም። እያንዳንዱን ሲኒ ሞልተው ያድላሉ፤ ቡናው ሲወጣ ጭሱ ፊታቸው ላይ ይመጣል፤ ፊታቸውን ዘወር አድርገው ይቀዳሉ። አንዷ «እስቲ እኔ ላፍላ፣ ይረፉ» ብትላቸው «ልጄ ናት፣ እኔ ነኝ የማፈላው» አሉ።

እኔ ከድንኳኑ ጥግ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ይህን አያለሁ። ልመናዬ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ሰው ስጠኝ ብዬ ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል። የሰንበቴ ቤቷ ሴቶች አሉ፤ በየሳምንቱ እያለፍኳቸው የምሄደው ራሳቸው ናቸው። ጠርተው ያመጡልኝ ደግሞ እትዬ ናቸው። አክስቴን በማጣቴ ቀን እግዚአብሔርን ማመስገን አሳፈረኝ፤ ግን አመሰገንኩት።

ከዚያ ወዲህ እነዚያ ሴቶች አልለቀቁኝም። አርባዋ ሲደርስ ዳቦውን የጋገሩት እነሱ ናቸው። እሁድ ከቅዳሴ ስወጣ በክንዴ ይዘው ያስቀምጡኛል። በቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበራቸው ገባሁ፤ ሰኔ 12 ተራዬ ደረሰ። እዚህ ላይ ነገር መጣ። አንዷ «በሙስሊም ቤት ጽዋ ይወጣል እንዴ?» አለች። ክፋት የላትም፤ ጥያቄው ጥያቄ ነው፣ እኔም ሲከነክነኝ ነበር። የንስሐ አባታችን «ባለቤቷ ከፈቀዱ እኔ መጥቼ እጸልያለሁ» አሉ። እትዬን ጠየቅኋቸው። «ዱአ ቤቴ ሲገባ እኔ ልጠላ? ብቻ ጠላ አትጥመቂብኝ» አሉኝ። ማኅበርተኞቹ ተስማምተው በጠላ ፈንታ ብርዝ ሆነ። ጾመ ሐዋርያት ስለነበር ወጡም የጾም ነው። ጸሎቱ ሲደርስ እትዬ ጓዳ ገብተው ቆዩ፤ ሲያልቅ ወጥተው ከእኛ ጋር ማዕድ ቀረቡ። ከጽዋው ዳቦ አልቆረሱም፤ እኛም አላስጨነቅናቸውም።

ወሎ ላይ ሁሉም በፍቅር ይኖራል የሚለውን ዘፈን ሁሉም ሰምቶታል። እኔ ያየሁት ግን ዝም ብሎ የሚሆን ነገር አይደለም። ድስት መለየት አለ፣ ዶሮን ከነነፍሷ መስጠት አለ፣ ጠላ መተው አለ፣ ጓዳ መግባት አለ። ስልክ ደውላ «አስልመውሽ እንዳይሆን» ያለችኝ የአገሬ ልጅም አለች። እትዬ አንድም ቀን ሃይማኖትሽን ለውጪ ብለውኝ አያውቁም። እኔም አላልኳቸውም። በእምነታችን የማንስማማበት ብዙ ነው፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን፣ ቡናው ላይ አናነሣውም።

ዘንድሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ዝውውር መጠየቅ ትችያለሽ ተባልኩ። እስካሁን ቅጹን አልሞላሁትም። የኅዳር ሚካኤል ድግስ እየመጣ ነው፤ እትዬ ለብርዙ ማር ከየት እንደሚገዛ ከማኅበሯ ሴቶች ጋር ክርክር ይዘዋል፣ እኔን አያስገቡኝም። እግዚአብሔር ይመስገን።