ያደረ ነገር

ነሐሴ 12፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት

ዛሬ ከቀትር ጀምሮ ስሜቴ ከብዶኝ ነው የዋልኩት። ምክንያቱን ብፈልግ አላገኘሁትም፤ ዝናቡ ነው እንዳልል የጅማ ክረምት ከከረመበት የተለየ ነገር አላመጣም፤ ድካም ነው እንዳልል የቡሄ ዋዜማ ነው ተብሎ ብልሹ ፍሬ ከምንለይበት የቡና ለቀማ የተለቀቅነው ከወትሮው ቀደም ብለን ነው። ግቢ ስደርስ የማዕዘኗ ክፍል እህታችን ለድፎው ኮባ በእሳት እያለሰለሰች ነበርና እንድረዳት አንዱን ቅጠል አቀበለችኝ። እጄ ምን እያደረገ እንደነበር የገባኝ እርሷ ስትስቅ ነው። ቅጠሉን በምጣዱ ላይ በመዘርጋት ፈንታ፣ ውስጡ የታሰረ ነገር እንዳለ ሁሉ፣ የሌለ ልጥ በጥፍሬ እየፈታሁ ነበር። እርሷም እንደ እኔ በጫት ሱስ መንገድ ያለፈች ናትና ምንም አላለችኝም፤ ቅጠሉን ከእጄ ወስዳ ሌላ ሥራ ሰጠችኝ።

የረጠበ ኮባ ሽታ ግን ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ። ሰዓቱም 8 ሰዓት አካባቢ ነበር፤ ይህ ሰዓት በዚህ ከተማ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ለዓመታት ምሳ የሚባለውን ነገር የማውቀው ከበርጫ፣ ከጫት መቃሚያው ሰዓት፣ በፊት የሚቀድም ግዴታ አድርጌ ብቻ ነበር።

ጫት በኮባ የሚጠቀለልበትን ምክንያት የሐሙስ ስብሰባችን አማካሪ ባለፈው ወር አስረድተውናል። ቅጠሉ ሲቆረጥ በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ፣ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ካቲን ወደተባለ ደካማ ነገር ይለወጣል፤ የጫት መኪና ነፍስ ይማር በሚያሰኝ ፍጥነት የሚበረውም፣ ገበያተኛው ቅጠሉን በእርጥብ ኮባ የሚሸፍነውም ለዚህ ነው። እኔ ኬሚስትሪውን ባላውቅም ውጤቱን አውቀው ነበር፤ ያደረ ጫት ማን ይፈልጋል? ሌላ የጠፋ ቀን ገራባ፣ ሌላው ቅሞ የጣለውን ትርፍራፊ ቅጠል፣ የለቀምኩበት ጊዜ ቢኖርም፣ እርሱን ራሱ ያደረ ነው እያልኩ አማርር ነበር።

ከሰዓት በኋላ አእምሮዬን የወሰደው እንግዲህ ይህ «ያደረ» የሚለው ቃል ነው። እስከ ነገ በማይቆይ ነገር ዙሪያ የተሠራ ኑሮ ምንም ነገር ማሳደር አያውቅም። በዚያን ጊዜ ቤቴ ያደረ ብር አልነበረም፤ ያደረ ወጥ አልነበረም፤ ያደረ ሐሳብ እንኳ አልነበረም፤ በምርቃና ላይ የሠራኋቸው ፎቆች፣ የከፈትኳቸው ሱቆች፣ ልጄን ያስገባሁባቸው ትምህርት ቤቶች ከምሽቱ 12 ሰዓት አልፈው ቆመው አያውቁም። ከዚያ ምርቃናውን የሚሰብረው መጠጥ፣ ጨብሲው፣ ይመጣል፤ ከጨብሲው በኋላ ደግሞ የሚያስጨንቀው ቅዠት፣ ዱካኩ። ልጄ ገና ጡት ሲጠባ አንዲት ነርስ ካቲን በእናት ወተት እንደሚያልፍ ነግራኝ ነበር። በዚያ ቀን ከልብ አለቀስኩ። ልቅሶዬም አላደረም።

አሁን የምንኖርበት ቤት ስድስት ክፍል ነው፤ ስድስት እናቶች ከነልጆቻችን አለን። በፈረምነው ውል ላይ ቤቱ የተጠራው «ጊዜያዊ ማደሪያ» ተብሎ ነው። ስፈርም «ጊዜያዊ» የሚለው ቃል ነበር ያሳሰበኝ፤ ዛሬ ግን ሁለተኛው ቃል ላይ ቆምኩ። ማደሪያ፣ መተዳደሪያ፣ አስተዳደር፣ ሠርቶ አዳሪ፤ ቋንቋችን ኑሮን ሁሉ ከሌሊት ጋር አስሮታል። ቡና ለቀማው ላይ ከጎኔ የሚቀመጡት እናት ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ» ሲሉኝም የሚጠይቁኝ ያንኑ አዳሬን ነው፤ ኦሮምኛውም አስተዳደርን «ቡልቺንሳ» ብሎ ከዚያው ከማደር አውጥቶታል። ሁለት ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ቦታ መድረሳቸው አስገረመኝ፤ ወይስ ተመካክረው ይሆን? ከዚሁ ግንድ የወጣ አንድ ሌላ መጠሪያም አለ፤ አበዳሪዎች በር በሩን ሲያዩብኝ በነበረበት ዘመን ወደ እርሱ ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር ግን በዚህ ደብተር ላይ አልጽፈውም።

«እንዴት አደርሽ» ለሚለኝ ሰው በዚያን ጊዜ እውነተኛ መልስ አልነበረኝም፤ ምክንያቱም አላድርም ነበር፤ ሌሊቱን ጣሪያ እየቆጠርኩ እገፋውና ሰው ሥራ ሲሄድ እተኛለሁ። ልጄ በዚያ ዕድሜው ብቻውን ቁርስ መፈለግ የለመደው ከዚህ የተነሳ ነው። እዚህ ስገባ ደግሞ በተቃራኒው፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በእንቅልፍ ነው የፈጀሁት። ለጫት ሱስ ተብሎ የተዘጋጀ የተለየ መድኃኒት የለም፤ የተሰጠኝ አልጋ፣ ምግብ፣ የሐሙስ ስብሰባ እና ቀን ከቀን የሚጠይቀኝ ሰው ነው።

ከሁሉም የከበደኝ ቁጠባው ነበር። ደመወዝ በተቀበልኩ ቀን 50 ብር ለይቼ ከፍራሹ ሥር አስቀመጥኩና እንቅልፍ አጣሁ፤ ብሩ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። ሌሊት ተነስቼ የቤቱን እናት በር አንኳኳሁ። እማማ በነጠላቸው ተጠቅልለው ወጡ፤ ብሩን ተቀበሉኝና «ሂጂ ተኚ፣ ልጄ፤ ከእኔ ጋር ይደር» አሉኝ። ያንን ሌሊት ያደረው ብር ዛሬ ባንክ ውስጥ ነው፤ ቁጥሩን እዚህ ባልጽፈውም፣ አንዲት የራስ ክፍል ለመከራየት የሁለት ወር ቅድሚያ ሊከፍል ትንሽ ነው የቀረው።

እነሆ ከስሜቴ ተነስቼ የት ደረስኩ! የዛሬው ክብደት መቼ እንደለቀቀኝ እንኳ ልብ አላልኩም።

ልጄ ከምሽቱ 2 ሰዓት ግድም ከሆያ ሆዬ ተመለሰ፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ሦስት ሙልሙል በፌስታል ይዞ። ሁለቱን ቆሞ በላ። ሦስተኛዋን ለእኔ ሰጠኝና «እማ፣ ይቺ ትደርልኝ፤ ጠዋት በሻይ እበላታለሁ» አለኝ። ቀድሞ እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ ይደብቅ ነበር እንጂ ለእኔ አይሰጥም ነበር። ሙልሙሏን በሳህን ላይ አድርጌ፣ በነጠላዬ ጫፍ ሸፍኜ፣ ከጎኔ አስቀመጥኳትና ይህን ሁሉ ስለ ማሳደር መጻፍ ጀመርኩ።

እየጻፍኩም ሳለሁ ከዳር ከዳሯ ስቆነጥራት ቆይቻለሁ። «ዱካክ» የሚለውን ቃል ስጽፍ ግማሽ ነበረች፤ «ቡልቺንሳ» ላይ ስደርስ ሩብ ቀርታለች፤ አሁን ነጠላውን ብገልጠው ሳህኑ ላይ ያለው ፍርፋሪ ብቻ ነው። የቀረው ፍርፋሪ ደግሞ ደብተሬ ላይ ነው።

የቤታችን ደንብ የተሸነፈች ሴት ሐሙስ በስብሰባው ላይ ራሷ እንድትናገር ያዛል። ሙልሙልም ይቆጠራል? ደግሞስ ከሐሙስ በፊት ጠዋት አለ፤ ሻዩ ሲፈላ ለልጁ ምን እለዋለሁ?