የተተራመሰው ፈትል

ዛሬ መብራት ስለጠፋ እማዬ ጎን ቁጭ ብዬ ፈትል ስፈታ ዋልኩ። ድመቷ ልቃቂቱን አተራምሳዋለች። አንዱን ጫፍ ስስብ ሌላው ይጠብቃል።

እጄ ይሠራል፣ ልቤ ግን ትናንት ማታ ያነበብኩት ላይ ነው። ስትሪንግ ቲዎሪ የሚባል የፊዚክስ ሐሳብ ሁሉም ነገር ከሚርገበገቡ ረቂቅ ክሮች ነው የተሠራው ይላል። ሒሳቡ ደግሞ 9 የቦታ ዳይሜንሽን ይፈልጋል። እኛ የምናውቀው 3 ነው፤ ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች። 6ቱስ የት ገቡ?

በ1989 እ.ኤ.አ. ብራንደንበርገርና ቫፋ የተባሉ ፊዚሲስቶች አንድ ግምት አቀረቡ። ዓለም ሲጀመር 9ኙም ዳይሜንሽኖች ጥቃቅን ነበሩ። ክሮቹ እንደ ላስቲክ ተጠምጥመውባቸው እንዳይሰፉ አንቀዋቸዋል። በተቃራኒ ዙር የተጠመጠሙ ሁለት ክሮች ከተገናኙ ግን ይፈታሉ። ከ3 ዳይሜንሽን በላይ ሲሆን ክሮቹ ይተላለፋሉ እንጂ እምብዛም አይገናኙም። ስለዚህ 3ቱ ተፈተው ሰፉ፣ 6ቱ እንደታሰሩ ቀሩ። ያረጋገጠው የለም። እኔ ግን ወድጄዋለሁ።

ለእማዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና "እሱን ተወውና ይቺን ቋጠሮ ያዝልኝ" አለችኝ።

መብራቱ 11 ሰዓት ላይ መጣ። ቋጠሮዋ እስካሁን አልተፈታችም።