አራት የላባ ክሮች ከኤቨን ወንዝ ዳር

ከለንደን ዋተርሉ ሶልዝበሪ ድረስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ተኝቼ ስለነበር የምለው የለኝም። ከጣቢያው ወደ ኔዘርኤቨን መንደር ያደረሰኝ ታክሲ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። በስልክ 35 ፓውንድ ተስማምተን ስንደርስ 50 አለኝ። ምክንያቱ «ሻንጣ አለህ» ነው። የያዝኩት አንዲት የጀርባ ቦርሳ! መሽቶ ስለነበር ከፈልኩ።

ማደሪያዬም አልተሻለም። ወሩ ኅዳር ነው፣ ማሞቂያው አይሠራም። ጃኬቴን እንደለበስኩ፣ ካልሲ ደርቤ ነጋልኝ።

ይህን ሁሉ የቻልኩት ለፍራንክ ሶየር ብዬ ነው። ሶየር ከ1928 ጀምሮ እዚህ የወንዝ ጠባቂ ነበር፤ የሞተው በ1980 ነው። እሱ የፈለሰፈው፣ የውሃ ነፍሳት መስሎ ትራውት የሚባለውን ዓሣ የሚያታልል ማጥመጃ ዛሬም በየአገሩ ይሠራል። የሚያስፈልገው ከመንጠቆው ሌላ ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ፌዛንት የሚባል ወፍ የጭራ ላባና ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ማሰሪያ ክር የለውም። እግርም የለውም። ክንፍ ያላወጡት የወንዝ ነፍሳት እግራቸውን ሰብስበው እንደሚዋኙ ሶየር ልብ ብሎ ነበርና ተወው።

ጠዋት ወንዙ ዳር ቆሜ አንድ አዛውንት ከነውሻቸው መጡ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ወዲያው ቤታቸው ወሰዱኝ።

ላባውን ያወጡት ከፍሪዘር ነው። ብል እንዳይበላው አሉኝ። ከወንዱ ፌዛንት ጭራ መካከል ያሉትን ረጃጅሞቹን መረጡ፤ ክራቸው ረዘም ያለ፣ መልካቸው ቀላ ያለ ቡናማ ነው። አንዱ ተጣሞ ነበር። የማንቆርቆሪያ እንፋሎት ላይ ሲያዞሩት ተቃና።

አራት ክር ቆጥሬ መቀስ ሳነሳ እጄን ያዙኝ። «መጀመሪያ ጫፋቸውን አስተካክል።» ክሮቹ ከላባው ዘንግ ላይ ዘመም ብለው ነው የሚወጡት። እንዳሉ ከተቆረጡ አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። አራቱን በጣት ይዞ፣ ከዘንጉ ቀጥ ብለው ወደ ጎን እስኪወጡ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው። ያኔ ጫፋቸው ይገጥማል። ከዚያ ሳይለቁ ከሥር መቁረጥ። ጫፎቹ የነፍሳቱ ጭራ ስለሚሆኑ አንዱ ከተሰበረ ሁሉም ይጣላል። ስድስት ጊዜ ጣልኩ። ደረቅ ክር ቶሎ ይሰበራል፤ ጣትን ረጠብ ማድረግ ይረዳል።

መንጠቆው ሞርሳ ላይ ተያዘ። ክሮቹን ከሽቦው ጋር ሲገምዷቸው እናቴ ትዝ አለችኝ። ባዘቶ ስባ እንዝርት ስታሾር ጣቶቿ እንዲህ ነበሩ። ፈትሏ ሲበጠስ ዝም ብላ ትቀጥለዋለች። እኔ ግን እናደዳለሁ። አዛውንቱ ይህን አይተው መሰለኝ፣ ሻይ አፈሉልኝ። ግመዳው ለጥንካሬ ነው። ላባ ብቻውን ቢጠመጠም የትራውት ጥርስ ይበጥሰዋል። ሽቦው ያንን ይከላከላል፣ በክብደቱም ማጥመጃውን ወደ ታች ያወርደዋል። ያለቀውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጣሉት። ሲሰጥም መዳቡ በላባው መሃል ፍም መሰለ። ደጋግሜ አስጣልኳቸው።

ከሰዓት ስቶንሄንጅን፣ የጥንቱን የድንጋይ ክበብ፣ አየሁ። ነፋስ ነበር።

ማታ እስከ ሶልዝበሪ ራሳቸው ነድተው አደረሱኝ። የቤንዚን ልክፈል ብል አሻፈረኝ አሉ። ይልቅ አንድ ሙሉ ላባ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ባቡሩ ሲነሳ ፈታሁት። አራት ክር ቆጥሬ ወደ ጎን ሳብኩ። ሦስቱ ገጠሙ።