ዜብራው ላይ የቆሙት እናት

ትናንት ጠዋት መገናኛ አካባቢ አንድ እናት የልጃቸውን እጅ ይዘው ዜብራ ለመሻገር ሲጠብቁ፣ አንድ ሚኒባስ ፍጥነቱን ከመቀነስ ይልቅ ክላክሱን እያስጮኸ አለፋቸው፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ግን ያው ሾፌር ቀበቶውን ወደ ትከሻው ሳብ አድርጎ እንደ ጨዋ ተሰለፈ። ሕጉን አያውቅም እንዳይባል መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ተፈትኖበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ሕግን ከፖሊሱ ለይተን አለማየታችን ነው። በዚያ ላይ የታክሲ ሾፌር ለባለንብረቱ በየቀኑ የሚያስገባው የተቆረጠ ሂሳብ ስላለበት፣ አንድ ተጨማሪ ምልልስ ለመሥራት ሲል መስመር ይጥሳል። የቤት መኪና የምንነዳው ግን ይህ ሰበብ እንኳ የለንም (እኔም ባለፈው ሳምንት መብራት ሊይዘኝ ሲል ነዳጅ ረግጬ አልፌያለሁ)። ለእናትየው በመጨረሻ የቆመላቸው፣ በሾፌሮቹ ፍጥነት ምክንያት «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል የወጣለት አይሱዙ የጭነት መኪና ነበር።