የሴኮያ ፊደልና የማርጀሪ ደብዳቤ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ በሁለት ዐውደ ጥናቶች ላይ ዋልኩ። የጠዋቱ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ስለሆኑት ስለ ቼሮኪዎች ቋንቋ ነበር፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችለው ቼሮኪው ሴኮያ ለቋንቋው መጻፊያ እ.ኤ.አ. በ1821 ያጠናቀቃቸው ምልክቶች አብዛኞቹ እንደ እኛ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድነት የሚይዙ ቢሆኑም፣ በ«ለ» እና በ«ሉ» መካከል የምናውቀው የመልክ ዝምድና ግን በእነርሱ ዘንድ የለም። የላቲኑን ዲ የምትመስለው ምልክት «አ»፣ ደብልዩን የምትመስለው ደግሞ «ላ» ተብላ ስትነበብ ሰምቼ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ደጋግሜ በደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ማርጀሪ ብሩስ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1477 ለእጮኛዋ ለጆን ፓስተን የላከችውን ደብዳቤ አነበብን። አባቷ ለጋብቻው የሚሰጡትን ገንዘብ እንዲጨምሩ እናቷ ብዙ ብትደክምም እንዳልተሳካላት፣ ከልቡ የሚወዳት ከሆነ ግን በዚህ ምክንያት እንደማይተዋት ትነግረዋለች። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ይህን ሁሉ የልቧን ነገር ለጸሐፊ ጆሮ ተናግራ ማስጻፏ ነው።