ማንም የማይጠይቃት መኪና

ዛሬም የደሴው ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ዋለ። ሱቁ ባዶ ነበር፤ እንዲሁ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ደላላው ደወለ። "ቶዮታ ቪትዝ በዚህ ብር አታገኝም። ፕላትዝ ግን አለችልህ፤ ጠያቂ ስለሌላት ባለቤቷ ይቀንሳል።"

እውነቱን ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዋም ቪትዝ ዋጋዋ አይቀመስም።

ሄጄ አየኋት። እ.ኤ.አ. በ1999 አብረው የወጡ እህትማማቾች ናቸው፤ ፕላትዝ ከኋላ ኮፈን ጨመረች እንጂ ሞተሩም ብዙው ዕቃም ያው ነው። ታዲያ ሰው ለምን ይንቃታል? ኮፈኗን ከፍቼ አንድ ኩንታል ጤፍ በዓይኔ አስተኛሁባት። እማዬ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እናታቸው፣ እኔ፤ አምስት ሰው ልክክ ይላል።

የሚያስጨንቀኝ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሀረጎ ዳገት ነው። የአንድ ሊትር ሞተር ናት፣ 70 የፈረስ ጉልበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ከጉልበቱ አንድ አስረኛ ያህል ይቀንሳል፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ሩቡ ሄደ ማለት ነው። አምስት ሰው ይዛ ስትወጣ ታቃስታለች። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ እይዛታለሁ፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ አልወድም።

ለጉልበቴ ቦታው ይበቃው እንደሆነ ልይ ብዬ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የጎረቤታችን የጋሼ ፊያት 600 ድንገት መጣችብኝ።

ስድስት ወይ ሰባት ዓመቴ ነው። ሌሊት ትኩሳት አንድዶኝ እማዬ አዝላኝ የጋሼን በር አንኳኳች። "አብሽሪ" አሏት፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም፣ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ። የዚያች መኪና ሞተር ከኋላ ነው፤ ዳገቱን ስትይዝ የወንበሩ መደገፊያ ቀስ እያለ ይሞቃል። ጀርባዬን ሙቀቱ ላይ ለጠፍኩ። የእማዬ ጋቢ ጭስ ጭስ ይሸታል። ጋሼ በመዳፋቸው የመስታወቱን ጉም ይጠርጋሉ፣ ወዲያው ይመለሳል፣ እንደገና ይጠርጋሉ። ሐኪም ቤቱን አላስታውስም፤ መርፌውንም።

ያቺ መኪና የሰፈሩ ሁሉ ነበረች። ምጥ የያዛትም፣ ለቅሶ የሚደርስም የጋሼን በር ነበር የሚያንኳኳው።

ደላላው ሁለቴ ደውሏል፤ አላነሳሁም። እማዬ ተኝታለች። ነገ ቡና ላይ እጠይቃታለሁ፤ ያን ሌሊት ለቤንዚኑ ምን ሰጠናቸው? ሰጥተናቸዋል?